ከሸክላው ውጭ ስለ ቀሩት ሁለት ዘፈኖች

ጆርጅ ማርቲን በ1926 ዓ.ም. ተወልዶ በ2016 ዓ.ም. ያረፈ የእንግሊዝ አገር የሙዚቃ ሊቅ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ሥራው ፕሮዲዩሰርነት ነበረ፤ ይኸውም ዘፋኞች ያመጡትን ዜማ መርምሮና አሰናድቶ ሸክላ እስኪሆን ድረስ ቀረጻውን መምራት ነው። የሮክ ዘፋኞቹ ቢትልስ በ1967 ዓ.ም. «ሳርጀንት ፔፐር» የተባለውን ሸክላ ሲያወጡ መሪያቸው እርሱ ነበረ፤ በ1994 ዓ.ም.ም ስለዚሁ ሸክላ መጽሐፍ ጻፈ።

የዘፈኖቹ አነሣሥ ተራ ነው። አንዱ ጆን ሌነን ከአሮጌ ዕቃ መደብር ከገዛው የ1843 ዓ.ም. የሰርከስ ማስታወቂያ ተቀዳ፤ ሁለተኛው ትንሹ ልጁ ከሣለው ሥዕል፤ ሌላውም ከጋዜጣ ወሬ ተነሣ። የሥራው መጀመሪያ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

በኖቬምበር 1966 ዓ.ም. ሌነን በሎንዶን ኤቢ ሮድ ስቱዲዮ «ስትሮበሪ ፊልድስ ፎሬቨር»ን በጊታር ብቻ ለማርቲን አሰማው። ስሙ በሊቨርፑል በልጅነቱ ይጫወትበት ከነበረ የሕፃናት ማሳደጊያ ግቢ የመጣ ነው። ዘፈኑ በሁለት ዐይነት ተቀረጸ፤ አንዱ በራሳቸው መሣሪያ፣ ሁለተኛው ማርቲን ባሰናዳው በ4 መለከትና በ3 ቼሎ። ሌነንም የአንዱን መጀመሪያ ከሁለተኛው መጨረሻ ጋራ አገናኝልኝ አለ። ድምፃቸውም ፍጥነታቸውም የተለያየ ነበረ፤ የዜማ ሰው እንደሚያውቀው ዝማሜን ከጽፋት በአንድ ትንፋሽ እንደ መግጠም ያለ ነው። ማርቲንና የቀረጻው ባለሙያ ጄፍ ኤመሪክ ግን አንዱን አፍጥነው፣ ሁለተኛውን አዘግይተው፣ የቴፑን ክር ቈርጠው ገጠሙት። መጋጠሚያው አንድ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ነው፤ ያልተነገረው ሰው አይለየውም።

ከዚህም በኋላ ፖል ማካርትኒ የዚያችኑ ከተማ መንገድ የሚያስታውስ «ፔኒ ሌን»ን አመጣ። ነገር ግን ኩባንያው አዲስ ትንሽ ሸክላ ቶሎ እንዲወጣ ስለ ወተወተ፣ ማርቲን ሁለቱን ዘፈኖች ሰጠ፤ በፌብሩዋሪ 1967 ዓ.ም. ወጡ። ገዢ ለአንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል በትንሹ የወጣውን በትልቁ አለመድገም ልማዳቸው ነበረና፣ ሥራውን የጀመረው ዘፈን ከሥራው ውጭ ቀረ።

ማርቲን ይህን በሥራ ዘመኑ ከሠራቸው ስሕተቶች ሁሉ የከፋ ብሎታል። ትንሹ ሸክላ በእንግሊዝ አንደኛ አለመሆኑን የሚያነሡ አሉ፤ እኔ ግን ያ ቁጭት የደረጃ አይመስለኝም። በእጁ ቈርጦ የገጠመውን ሥራ በቦታው አላገኘውምና ነው።

በ2017 ዓ.ም. ልጁ ጃይልስ ማርቲን ለ50ኛው ዓመት ሸክላውን እንደ ገና ሲያሰናዳ ሁለቱን ዘፈኖች በተጨማሪው ዲስክ አገባቸው። በፊተኛው ግን እንደ ጥንቱ 13ቱ ብቻ ናቸው።