ከሙሎ እስከ ጎጃም፦ የአንድ መጻተኛ ገበሬ ታሪክ

ከሉማሜ አዲስ አበባ ደርሳችሁ የምትመለሱ ወጣቶች መንገዱን ታውቁታላችሁ። ደጀንን አልፋችሁ ዓባይ በረሃ ትወርዳላችሁ፤ ጎሐ ጽዮን ትወጣላችሁ፤ ጫንጮ ስትደርሱ አዲስ አበባ ቀረበ ማለት ነው። ከዚያ በስተ ቀኝ፣ የሙገር ገደል አፋፍ ላይ፣ ሙሎ የሚባል አገር አለ። ዛሬ የማወራችሁ እዚያ ቤት ሠርቶ፣ አርሶና ልጆች አሳድጎ ስለኖረ አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ነው።

ዳንኤል ሳንፎርድ በ1874 ዓ.ም. ከአገልጋይ ቤተሰብ ተወለዱ፤ አባታቸው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። ወታደር ሆነው ሳሉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ኢትዮጵያን አዩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ክርስቲንን ይዘው ተመለሱ። የመጡበት የንግድ ሥራ ግን አልቆመም። ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣውን ይዞ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው ባቡር ይሳፈር ነበር። እነርሱ ወደ ሙሎ ወጡና እርሻ ጀመሩ።

ደጋ ላይ ማረስ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል፤ ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ውርጭ አለ። ምርት ቢገኝም ገበያው አዲስ አበባ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ጭነት የሚሄደው በአህያና በበቅሎ ነው። ሳንፎርድ አማርኛ የለመዱት፣ ከባላገሩም ከመኳንንቱም ጋር የተዋወቁት በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ነው። ወይዘሮ ክርስቲን በዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሴት ነበሩ። ስድስት ልጆች ያሳደጉት ትምህርት ቤት በሌለበት ገጠር ነው፤ መምህርነትንም የያዙት እዚያው ይመስለኛል። ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ትምህርት ቤት ዛሬም በሳንፎርድ ስም ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህ ሰው ሙሎን ትተው ሉማሜ ቢመጡ ኖሮ መሬት ያገኙ ነበርን? አያገኙም። በጎጃም መሬት ርስት ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን ቆጥሮ መጀመሪያ አገሩን ካቀናው አባት መድረስ ነበረበት። «አቅኚ አባት» የሚለውን ቃል ሽማግሌዎች ዛሬም ያውቁታል። የዘር ሐረግ የሌለው እንግዳ፣ ፈረንጅም ይሁን ሐበሻ፣ ጭሰኛ ቢሆን እንጂ ባለ ርስት አይሆንም። መሬቱን የመለካትና የማስገበር ወሬ ሲነሳ ጎጃም ምን እንዳደረገም ታሪክ መዝግቦታል፤ በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም ሞጣና ቢቸና ተነሥተዋል። ስለዚህ «ፈር ቀዳጅ ገበሬ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ባዶ ምድር አናስብ። ሙሎም ባዶ አልነበረም፤ የኦሮሞ ገበሬዎች ከሳንፎርድ በፊት ያርሱት ነበር። ይስሐቅ በጌራራ ምድር ሲዘራ በጉድጓድ ውኃ የተነሣበትን ክርክር ታስታውሳላችሁ። መጻተኛ ሲያርስ ጥያቄው ሁልጊዜ አለ፤ መልካም ሰው መሆኑ ብቻ ጥያቄውን አያጠፋውም።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ሳንፎርድ በዚያን ጊዜ በማጂ የገዥው አማካሪ ሆነው የባሪያ ንግድን ለማስቆም ይሠሩ ነበር። በ1928 ዓ.ም. አገሪቱ ስትያዝ ቤተሰቡ እንደ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተሰደደ። በእንግሊዝ አገር ሳንፎርድ ያገኙት ሥራ የአንድ ካቴድራል ገንዘብ ያዥነት ነበር። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላለ ሰው ጥሩ የጡረታ ሥራ ይመስላል።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ግን 58 ዓመታቸው ነበር፣ «ተልእኮ 101» የተባለውን ጥቂት ሰዎች ያሉበትን ቡድን እየመሩ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገቡ። ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ጣልያን ይፈልጋቸዋል። የተመረጡት ተኩስ ስለሚችሉ ብቻ አይደለም፤ አገሩንና ሰዉን የሚያውቅ ያስፈልግ ስለነበር ነው። የሙሎ ዓመታት እዚህ ላይ ዋጋ አወጡ። በጎጃም ያሉ አርበኞች ጀግኖች ነበሩ፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው ይቃቃሩ ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ተስማምተው ጠላትን አብረው እንዲወጉ የተደረገው በዚያው ጊዜ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ተወካይ አዛዥ ከበደ ተሰማም በዚህ ሁሉ ደክመዋል። (በእናንተው በቢቸና በኩል ጣልያንን ያስጨነቀው በላይ ዘለቀ ነው፤ የእርሱን ታሪክ በሌላ እትም ብንጽፍ ይሻላል፤ በቅንፍ የሚያልቅ አይደለም።)

ቀሪውን ፈጥኜ ልለፈው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ገቡ። ያጀባቸው የዊንጌት ጦር ስሙን ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስዶ «የጌዴዎን ኃይል» ተባለ፤ ቁጥሩ ጥቂት ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሱ። ሳንፎርድ ብርጋዴርና አማካሪ ሆኑ። የራሳቸው መንግሥት ኢትዮጵያን በወታደራዊ አስተዳደር ለማቆየት ሲፈልግ እርሳቸው ለኢትዮጵያ ሉዓላዊነት ተሟገቱ። ለእኔ ከጦርነቱ ይልቅ ይህ ይበልጣል፤ ከጠላት ጋር መዋጋት ይቀልላል፣ ከወገን ጋር መከራከር ግን ከባድ ነው።

ጣልያን ከተባረረ በኋላም ቤታቸው ኢትዮጵያ ሆነ። ሳንፎርድ በጥር 1964 ዓ.ም. 89 ዓመት ሆኗቸው በኢትዮጵያ አረፉ። ከሦስት ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። ያ ዓዋጅ የፈረንጁንም እርሻ፣ የጎጃሙንም ርስት፣ የአቅኚ አባቶችንም ቆጠራ በአንድ ቀን ነካ። ሉማሜ ላይ መሬት ሲከፋፈል ያዩ ሰዎች አሁንም በየቤታችሁ አሉ፤ በሚቀጥለው የወጣቶች ጉባኤ ከመሰብሰባችን በፊት አንዱን ጠይቃችሁ፣ የነገራችሁን በደብተር ጽፋችሁ ኑ።