አል-ካሺና «ሊሚት» የተባለው ትምህርት

በኮኪት ለሚኖር ሰው ድንበር የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። መንገዱን ይዞ ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው መተማ ዮሐንስን አልፎ ከድልድዩ ይደርሳል፤ ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት ናት። እስቲ አንድ መንገደኛ ከኮኪት ተነስቶ በመጀመሪያው ቀን የመንገዱን ግማሽ፣ በሁለተኛው የቀረውን ግማሽ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከዚያ የቀረውን ግማሽ እየሄደ ቢቀጥል መቼ ከድንበሩ ይደርሳል? የሄደው መንገድ በቁጥር ሲጻፍ 1/2፣ 3/4፣ 7/8፣ 15/16 እያለ ይቀጥላል። ከእነዚህ አንዱም 1 አይሆንም። የቀረው መንገድ ግን ከስንዝር፣ ኋላም ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ይሆናል። ይህ 1 የቁጥሮቹ ተርታ «ሊሚት» ይባላል።

ተማሪዎች ይህን ሲማሩ «ያልተደረሰበትን ቁጥር እንዴት አወቅነው እንላለን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከታሪክ እንመልከት።

የክብን ዙሪያ በቀጥታ ማስመሪያ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው አርኪሜዲስ በክቡ ውስጥና ውጭ ባለ ብዙ ጎን ቅርጾችን አሰበ። የውስጡ ዙሪያ ከክቡ ያንሳል፣ የውጭው ይበልጣል፤ ጎኖቹ በበዙ ቁጥር ሁለቱም ወደ ክቡ ይጠጋሉ። መሃሉን አቋርጦ የሚያልፈው መስመር 1 በሆነ ክብ ውስጥ፣ ባለ 6 ጎኑ ዙሪያው 3፣ ባለ 12 ጎኑ 3.105፣ ባለ 24 ጎኑ 3.132 ያህል ነው። አርኪሜዲስ እስከ 96 ጎን ሄዶ፣ ዛሬ ፓይ የምንለው ቁጥር ከ3 10/71 እንደሚበልጥና ከ3 1/7 እንደሚያንስ አረጋገጠ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ጊያሱዲን ጀምሺድ አል-ካሺ ተነሳ። ይህ የካሻን ተወላጅ በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን በምትገኘው በሰመርቀንድ፣ በኡሉግ ቤግ ዘመን የሠራ ሊቅ ነው። በ827 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1424) ስለ ክብ ዙሪያ በጻፈው ሪሳላ፣ ከሦስት ጎን ተነስቶ 28 ጊዜ እጥፍ በማድረግ 805,306,368 ጎኖች ካሉት ቅርጽ ደረሰ። ያውም ያለ ማሽን፣ በእጁ እያሰላ! ከነጥብ በኋላ 16 አሃዞችን በትክክል አገኘ። በአውሮፓ ከእርሱ የበለጠ የተገኘው 170 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከአሃዞቹ ብዛት ይልቅ የሚያስገርመው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። አል-ካሺ እስኪደክመው አስልቶ «ይበቃል» አላለም። ስሌቱን ከመጀመሩ በፊት የሚፈቅደውን ስህተት ወሰነ፦ ስፋቱ የምድርን 600,000 ጊዜ በሚያህል ክብ ላይ እንኳ ስህተቱ ከአንድ የፈረስ ፀጉር ውፍረት እንዳይበልጥ። ከዚያም ስንት ጊዜ ማጠፍ እንዳለበት አወቀ።

የተማሪዎቹ ጥያቄ መልስም ይኸው ነው። ሊሚትን ለማወቅ መጨረሻ ላይ መድረስ አያስፈልግም፤ የፈለከውን ያህል ትንሽ ስህተት ብትጠይቀኝ፣ ከየትኛው እርምጃ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚያ በታች እንደሚሆን ላሳይህ ከቻልኩ ይበቃል። ለምሳሌ የመንገደኛችን ጉድለት ከ1/1000 እንዲያንስ ከተፈለገ 10 ቀን ይበቃል፤ የቀረው 1/1024 ብቻ ነውና።

ይህ ማለት ግን ሊሚትን ያገኘው አል-ካሺ ነው ማለት አይደለም። ለማንኛውም ተርታ የሚያገለግለው ፍቺ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ፈረንሳዊው ኮሺ በ1821 ባሳተመው መጽሐፍና ከእርሱ በኋላ ጀርመናዊው ቫየርሽትራስ ባጠራው ሥራ ነው። አል-ካሺም በአርኪሜዲስ መንገድ ነው የሄደው። ያልሠሩትን ሠሩ ብሎ ማወደስ ሊቃውንታችንን አያከብራቸውም፤ የሠሩት ይበቃቸዋል።

ልጆቻችን ከአል-ካሺ የሚወርሱት ይህን አማና ይሁን፦ «ይህን አውቃለሁ» ሲሉ፣ ስህተታቸው ከስንት እንደማይበልጥ አብረው መናገርን። ወላሁ አዕለም።