ተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት

ተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት ማለት በአንድ ቪዲዮ ውስጥ በየሰከንዱ የሚታዩት ምስሎች (ፍሬሞች) ብዛት ወጥ ሳይሆን ከፍ ዝቅ የሚልበት የአቀራረጽ ዓይነት ነው። በስልክና በኮምፒውተር የስክሪን ቀረጻዎች ላይ በብዛት ያጋጥማል። ቀረጻው በማጫወቻ ሲታይ እንከን የለሽ ሆኖ ሳለ፣ በማቀናበሪያ ሶፍትዌር ሲከፈት ድምፁና ምስሉ ሊለያዩ ይችላሉ።

'''መንስኤ'''

ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ ብዙ መቅጃዎች አዲስ ፍሬም አይጽፉም። ከባድ ፕሮግራም ወይም ጨዋታ ፕሮሰሰሩን ሲያጨናንቀውም ፍሬሞች ይዘለላሉ። ፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬም መቼ መታየት እንዳለበት የሚናገር የጊዜ ምልክት ስላለ፣ ማጫወቻው በዚያ እየተመራ በትክክል ያሳያል። አንዳንድ ማቀናበሪያዎች ግን ምልክቱን ትተው ፍሬሞቹን በእኩል ርቀት ይደረድራሉ። ለምሳሌ የ10 ደቂቃ ቀረጻ በሰከንድ 30 ፍሬም ቢሆን 18,000 ፍሬሞች ይኖሩታል። የተጻፉት 17,700 ብቻ ከሆኑና በ30 ከተደረደሩ፣ ምስሉ በ9 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ያልቃል፤ ድምፁ ግን ገና 10 ሰከንድ ይቀረዋል።

'''ችግሩን መለየት'''

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሆነ ልዩነት የፍሬም ፍጥነት ጉዳይ አይደለም፤ ድምፁን በዚያው መጠን ማንሸራተት ይበቃል። እየሄደ የሚሰፋ ወይም መሃል ላይ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ፍጥነቱን መጠርጠር ይገባል። ሚዲያኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአንድ ፋይል ፍጥነት ወጥ ወይም ተለዋዋጭ መሆኑን ያሳያል።

ወጥ ፋይልም ቢሆን በተሳሳተ ቁጥር ከተነበበ ይንሸራተታል። 29.97 የሚለው ፍጥነት እ.ኤ.አ. በ1953 ከጸደቀው የአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን ደንብ የተወረሰ ሲሆን፣ እንደ 30 ከተነበበ ምስሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድምፁን በ3.6 ሰከንድ ይቀድማል። በ44,100 ኸርዝ የተቀዳ ድምፅ እንደ 48,000 ሲነበብ ደግሞ ያጥራል፣ ይቀጥናልም፤ ይህን ጆሮ ወዲያው ይለየዋል።

'''ማስተካከያ'''

አስተማማኙ መንገድ መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት ፋይሉን ወደ ወጥ ፍጥነት መለወጥ ነው። ሃንድብሬክ በቪዲዮ ክፍሉ ውስጥ ወጥ ፍጥነትን ለመምረጥ ያስችላል፤ ኤፍኤፍኤምፔግም ይህንኑ በትእዛዝ ይሠራል። ሁለቱም የጎደለውን ቦታ ያለፈውን ፍሬም በመድገም ይሞላሉ። ምስሉ እንደገና ስለሚታመቅ ጥራቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ በተለይ በስክሪን ላይ ያሉ ትንንሽ ፊደሎች እንዳይደበዝዙ ጥራቱን ከፍ አድርጎ መለወጥና ዋናውን ፋይል ማስቀመጥ ይበጃል። ድምፁን በየቦታው እየቆረጡ ማስጠጋት ለአጭር ቀረጻ ያገለግል ይሆናል፤ ለአንድ ሰዓት ትምህርት ግን ከንቱ ድካም ነው።

ኦቢኤስ ስቱዲዮ በወጥ ፍጥነት ስለሚቀርጽ፣ ኮምፒውተሩ ተጨናንቆ ምስሉ ቢቆራረጥ እንኳ ፍሬም እየደገመ ጊዜውን ይጠብቃል። ብዙ ስልኮች ግን ይህን ምርጫ ስለማይሰጡ፣ የስልክ ቀረጻን ሁልጊዜ ለውጦ መጀመር ይመከራል።