ድምፅና ምስል ሳይናበቡ ሲቀሩ፦ የተለወጠ ፊልም እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ከፊሉ የእኔ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዬ አሜሪካ ውስጥ በቪዲዮ ካሴት የተቀረጸውን የአንዲት እናት ቃለ ምልልስ ለመመረቂያ ጽሑፉ ምንጭ አድርጎ ነበር። ካሴቱ የደረሰን ወደ ኮምፒዩተር ፋይል ተለውጦ ነው። በ65ኛው ደቂቃ ላይ ጠያቂው ስለ ልጃቸው ሞት ይጠይቃቸዋል። እናትየዋ ግን ጥያቄው መሰማት ከመጀመሩ ሁለት ሰከንድ ያህል አስቀድመው አንገታቸውን ሲደፉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ይታያሉ። ተማሪዬ ሐዘን ጥያቄን እንደሚቀድም፣ ምስክሯም የሚጠየቁትን አስቀድመው ያውቁ እንደነበር በመተንተን በዚህች ቅጽበት ላይ አንድ ሙሉ ንዑስ ምዕራፍ ጻፈ። ጽሑፉ ያማረ ነበርና እኔም አንብቤ አጸደቅሁት።

ይሁን እንጂ ጥያቄውን የቀደሙት እናትየዋ ሳይሆኑ ምስሉ ነበር። ይህን የገለጠልን የቡና ሲኒ ነው። ከምስክሯ በስተጀርባ ቡና የምታፈላ ወጣት ትታያለች። በቃለ ምልልሱ መጀመሪያ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ ስታስቀምጥ ድምፁ ከእጇ እንቅስቃሴ ጋር እኩል ይሰማል። ወደ መጨረሻው ግን ሲኒው በዝምታ ይቀመጥና የመጋጨቱ ድምፅ የሚሰማው ከአራት ሰከንድ በኋላ ነው። የምስክሯ ፊት በከፊል በነጠላ የተሸፈነ፣ ብርሃኑም ደብዛዛ ስለነበር ከንፈራቸውን አይተን ልንነቃ አልቻልንም።

ልዩነቱን በጊዜው ርዝመት ብናካፍለው ከሺህ አንድ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ ቁጥር የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥንን ሥርዓት ስታጸድቅ ነባሮቹ ጥቁርና ነጭ መቀበያዎች አገልግሎታቸውን እንዳያቋርጡ ተፈልጎ ነበር። የቀለሙ ሞገድና የድምፁ ሞገድ ሲገናኙ ግን በምስሉ ላይ የሚታይ ሁከት ይፈጥሩ ነበር። መሐንዲሶቹ የድምፁን ሞገድ ከመንካት ይልቅ የምስሉን ፍጥነት ከሺህ አንድ መቀነስን መረጡ፤ በሰከንድ 30 የነበረው ፍሬም 29.97 ሆነ። ድምፅና ምስል በአንድነት በሚሠራጩበት ዘመን ይህ ለውጥ ማንንም አልጎዳም። በኮምፒዩተር ፋይል ውስጥ ግን ሁለቱ በየራሳቸው ሰዓት የሚመሩ ሁለት ጅረቶች ናቸው። ለዋጩ ሰው 29.97 ማለት ሲገባው 30 ብሎ ከመዘገበ ምስሉ ይፈጥናል፤ ድምፁም በየሰዓቱ 3.6 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል።

ቅጂውን ስንረከብ የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ ብቻ አይተን ነበር። በአንድ ደቂቃ የሚፈጠረው ልዩነት 60 ሚሊሰከንድ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ተመልካች የድምፅን መዘግየት የሚያስተውለው ወደ 125 ሚሊሰከንድ ሲደርስ ነው፤ ድምፁ ሲቀድም ግን በ45 ይነቃል። መብረቅን አይተን ነጎድጓድን የምንጠብቅ ፍጥረታት ነንና ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ አያስደነግጠንም።

ችግሩ ግን ከኮምፒዩተር በእጅጉ የቀደመ ነው። በ1894 መገባደጃና በ1895 መጀመሪያ መካከል (ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በኒው ጀርሲ በሚገኘው የኤዲሰን ስቱዲዮ ዊሊያም ዲክሰን በአንድ ትልቅ የድምፅ መቀበያ ቀንድ ፊት ቆሞ ቫዮሊን ሲጫወት፣ ሁለት ወንዶችም አጠገቡ ሲጨፍሩ ተቀረጸ። ምስሉ በፊልም፣ ድምፁ በሰም ሲሊንደር ላይ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ተለያዩ። ፊልሙ ወደ አሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ሲሊንደሩ ተሰባብሮ በኤዲሰን ክምችት ውስጥ ቀረ። ስብርባሪው ተጠግኖ ድምፁ እንደገና የተቀዳው በ1998 ነው። በ2000 የፊልም አርታኢው ዋልተር መርች በኮምፒዩተር አገናኛቸው። ድምፁ ከ17 ሰከንዱ ፊልም በብዙ ስለሚረዝም፣ ከየትኛው የዜማ ክፍል ጋር የትኛው የደጋን ምት እንደሚገጥም መምረጥ ነበረበት። ዛሬ ያንን ፊልም ስናይ የምንመለከተው የ1890ዎቹን ክንውን ብቻ ሳይሆን የ2000ን ዓመት ውሳኔም ጭምር ነው። በእኔ እምነት ውሳኔው ትክክል ነው፤ ውሳኔ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

በ1926 ቪታፎን ድምፁን በሸክላ ሲያጫውት ፊልሙ ተበጥሶ ጥቂት ፍሬሞች ከጎደሉ ንግግሩ ሁሉ ይዛነፍ ነበር። መፍትሔውም በጎደሉት ፍሬሞች ልክ ጥቁር ፊልም መቀጠል ነበር። አሮጌ ካሴት ሲገለበጥ ፍሬሞች ሲዘለሉም የሚደረገው በመሠረቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከመጠገን በፊት ሕመሙን መለየት ያሻል። ልዩነቱ በመጀመሪያም በመጨረሻም እኩል ከሆነ ድምፁን በዚያው ልክ ማንሸራተት ይበቃል። ቀስ በቀስ የሚያድግ ከሆነ የፍጥነት ስሕተት ነው። በድንገት እየዘለለ የሚጨምር ከሆነ ግን አንድ ስሌት አያድነውም፤ እያንዳንዱን ስብራት በየቦታው መጠገን ግድ ይላል። በእኛ ፋይል ድምፁን ማሳጠር ይቀል ነበር፤ የተሳሳተው ምስሉ ነውና የእናትየዋን ድምፅ ሳንነካ ምስሉን ወደ 29.97 መለስነው። ጥገናውን የሠራነው በሌላ ቅጂ ላይ ሲሆን ያደረግነውንም ከፋይሉ ጋር መዝግበን አስቀምጠናል።

በተስተካከለው ቅጂ እናትየዋ ጠያቂውን ቀና ብለው እያዩ ያዳምጣሉ። አንገታቸውን የሚደፉት በጥያቄው መካከል፣ የልጃቸው ስም ሲጠራ ነው። ተማሪዬ ያንን ክፍል ሰርዞ ሁለት አንቀጽ ብቻ ጻፈ።

በክፍላችን ካሉት ቅጂዎች መካከል ከተለወጡ በኋላ ዋናው ካሴታቸው የተጣለ አሉ። በእነዚያ ላይ የሲኒ፣ የበር ወይም የጭብጨባ ድምፅ እየፈለግን ነው።