ተዋጊ

ደምበጫ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱንና ሻኛውን ካየ በኋላ «ተዋጊ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተዋግቶ ያውቃል ወይ ማለቱ አይደለም። ያልተዋጋ ኮርማ የት ይገኛል! «ተዋጋ» ለአንድ ቀን ግጥሚያ ይበቃል፤ «ተዋጊ» የሚባለው አመል ያደረገው ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 በዚሁ ይለያል፦ ድንገት ሰው ወግቶ የገደለ በሬ ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው፤ ተዋጊነቱ ተነግሮት ያልጠበቀው ባለቤት ራሱም ይጠየቃል።

አመሉ ከየት ይመጣል? የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች በዓሣም በአይጥም እንዳዩት፣ ያሸነፈ እንስሳ ሌላ ተጋጣሚ ሲመጣ ለጠብ ይደፍራል፤ የተሸነፈ ይሸሻል። አብዛኛውን ጊዜ የሽንፈቱ ጫና ከድሉ ይልቅ ይቆያል። በካሊፎርኒያ አይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በገዛ ክልላቸው ደጋግመው ያሸነፉ ወንዶች አንጎል ውስጥ የቴስቶስትሮን ተቀባዮች በዝተው ተገኝተዋል።

የ«ተዋጊ» ተቃራኒ «ገራም» ነው፤ ተገርቶ ይሁን ተሸንፎ ቃሉ አይለይም። ለእኔ «ተዋጊ» የበሬው ብቻ ስም አይደለም፤ ኮርማ እያዋጉ የሚዝናኑ እረኞችም ድርሻ አላቸው።