ሔዾ፤ የአርብቶ አደሩ የሰርግ ሞሰብ

ታሪክ የሚጻፈው በብራናና በድንጋይ ላይ ብቻ ነው ካልን፣ ብራና የማይጭነው ግመል ነጂ ታሪክ የለውም ማለታችን ነው። የሶማልኛ ቋንቋ በላቲን ፊደል በሶማሊያ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ የሆነው በ1965 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሕዝቡ አብዛኛውን ትዝታውን ያኖረው በግጥም፣ በተረትና በእጅ ሥራ ነበር። ከነዚህ የእጅ ሥራ መዛግብት አንዱ ሔዾ ነው።

በጅግጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቶግ ውጫሌና በአካባቢያቸው በቆየው ልማድ መሠረት፣ ሰርግ በተደረገ በሰባተኛው ቀን የሙሽራይቱ እናትና የሴት ዘመዶቿ ለሙሽራው ወገን ሔዾ ያቀርባሉ። በዕቃው ውስጥ ሙቅመድ፣ በሌላ ስሙ ኦድካዕ፣ ይደረጋል፤ በላዩም በቅመም የተለወሰ ቴምር ይመረግበታል። ከዚያ በስፌት ክዳን ተከድኖ፣ እንደ ሙሽራ ጨርቅ ለብሶና ተሸልሞ፣ ጫፉ በማይታይ ገመድ ይተበተባል።

ሙቅመድ የሚሠራው የግመል ወይም የከብት ሥጋ ተዘልዝሎ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ነው። ሥጋው በጥቃቅኑ ይከተፍና እርጥበቱ እስኪጠፋ በቅቤ ይጠበሳል፤ በዚያው ቅቤ ውስጥም ይቀመጣል። ውሃው ስለወጣና ቅቤው አየር ስለሚከለክልለት ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል።

የዚህ ጥበብ መነሻ ኑሮው ራሱ ነው። አንድ ግመል ሲታረድ አንድ ቤተሰብ በልቶ አይጨርሰውም። ጂላል የሚባለው ደረቅ ወቅት ሲገባ ደግሞ ወተት ይነጥፋል፤ መንጋው ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ይርቃል። ስለዚህ የጥጋቡን ቀን ለችግሩ ቀን ማሻገር ግድ ነበር። የደገኛው ቋንጣና የቱርኮች ካቩርማ የተወለዱትም ከተመሳሳይ ችግር ነው። ቴምሩና ሄሉ ግን የአካባቢው ምርት አይደሉም። ቴምር ከዓረብ ምድር፣ ሄል ከህንድ በባሕር እየመጡ በዘይላና በበርበራ ወደቦች በሲራራ ወደ መሐል አገር ይገቡ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነስቶ የመራርን ሜዳ በማቋረጥ ሐረር የደረሰው በዚሁ አቅጣጫ ነው። እንግዲህ በአንዱ ዕቃ ውስጥ የእረኛው ድካምና የመርከበኛው ጉዞ ተገናኝተዋል።

ለኪነ ጥበብ ሰው ግን ትልቁ ቁም ነገር ገመዱ ነው። የሙሽራው ወገን የተሰወረውን ጫፍ ፈልጎ መፍታት አለበት፤ በቢላዋ መቁረጥ ነውር ነው። የተሳሳተ ይቀለድበታል፤ ይቀጣል። የሙሽራይቱ ወገን ሴቶች ዳኞች፣ ጎረቤቱ ተመልካች ይሆናል። ግጭትም፣ ጉጉትም፣ መፍትሔም ያለበት፣ መድረክና መጋረጃ ያልጠየቀ ትያትር ነው። ትምህርቱም ግልጽ ነው፤ የሰው ልጅ ወስዶ ቤት የሚመሠርት ሰው ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ሲፈታም ምግቡ የአንድ ሰው አይደለም፤ የተሰበሰበው ሁሉ ይቋደሰዋል።

አካባቢው ብዙ መከራ አይቷል። በ1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ የጦር ሜዳ ሆነች። በ1980 ዓ.ም. ከሀርጌሳና ከቡርኦ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በሀርተሼክ ሰፈረ፤ ያ የስደተኞች መጠለያ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነበር። መንጋ ሲጠፋ ሥጋውና ቅቤው ይጠፋሉ፤ ቤተሰብ ሲበተን ግን ቋጠሮውን የሚያስተምር እጅ ይጠፋል።

ዛሬ ማቀዝቀዣ በገባበት ቤት ሙቅመድ የኑሮ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ የሚፈልገውም ከገበያ ይገዛዋል። የቋጠሮው ዕውቀት ግን አይሸመትም። ስለ ሶማሌ ሕዝብ ባህል ሲነገር ባለቅኔው ወንድ በስሙ ይወሳል፤ ሥጋውን የዘለዘለችው፣ ዕቃውን የሰፋችው፣ ገመዱን የተበተበችው ሴት ግን ስም የላትም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ይላክ፤ ሠዓሊው አተባተቡን ይንደፍ፤ ጸሐፌ ተውኔቱም ተቀምጦ ይመልከት። ጫፉን የሚያውቁት እጆች ገና አሉና፣ ሳይመሽ እንጠይቃቸው።