ሲባጎ ከየት መጣ?

«ሲባጎ» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። እነሱ «ስፓጎ» ይሉታል፤ ቀጭን ማሰሪያ ማለት ነው። እንደ ፉርኖ፣ እንደ ላሜራ፣ እንደ ፍሬን ተሻግሮ መጥቶ አማርኛ ሆነ። ዛሬ ሱቅ በር ላይ ቆሞ «ሲባጎ አለ?» የሚል ልጅ ጣሊያንኛ እየተናገረ እንደሆነ አይታወቀውም፤ ሊታወቀውም አይገባም፣ ቃሉ የራሱ ሆኗል። የሚገርመው ሌላ ነው። ላሜራን የተበደርነው ከነዕቃው ነው። ማሰሪያ ግን ሞልቶን ነበር። ክር፣ ድር፣ ማግ፣ ፈትል፣ ገመድ፣ ጠፍር፣ ልጥ፣ ቃጫ፣ ጅማት፣ ማተብ... ለዚህ ነገር እኮ የቃል ድሃ አልነበርንም።

የድሮውን የገጠር ቤት ለአንድ አፍታ አስቡት። የጣራው ማገር በልጥ ወይም በገመድ የታሰረ ነው፣ ሚስማር የለም። አልጋው በጠፍር የተወጠረ ነው። ቅቤ የሚናጥበት ቅል በገመድ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እንስራው ከወንዝ የሚመጣው ጀርባ ላይ በገመድ ታዝሎ ነው። ቋንጣው በተወጠረ ገመድ ላይ ይደርቃል፤ ለዘር የተመረጠው በቆሎ በቅርፊቱ ተቋጥሮ ከምድጃው በላይ ጢስ ይጠጣል። የመንገደኛ ስንቅ ያለበት አገልግል ክዳኑ በጠፍር ተጠፍሮ ይዘጋል። ጧፉ በሰም የተነከረ የጥጥ ፈትል ነው። ክርስትና የተነሳው ሕፃን አንገት ላይ ደግሞ ማተብ አለ። ቋጠሮዎቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ብትፈቱ ቤቱ ራሱ ይፈታል።

ታሪክ መጻሕፍት ላይ ግን ይሄ ሁሉ የለም። የድንጋይ ዘመን፣ የነሐስ ዘመን፣ የብረት ዘመን ተብለን ነው የተማርነው። የገመድ ዘመን የሚባል የለም፤ ምክንያቱም ገመድ ይበሰብሳል። ድንጋይ መሬት ውስጥ ሺህ ዓመታትን ይጠብቃል፣ ክር ብዙ ጊዜ ጥቂት ክረምት እንኳን አይሻገርም። ስለ ጥንት ሰው የምናውቀው በአብዛኛው ያልበሰበሰውን ነው፤ ዳታው ከመጀመሪያው የተዛባ ነው ማለት ነው። የጥንት ጨርቃ ጨርቅ አጥኚዋ ኤልዛቤት ባርበር ይህን ክፍተት ለመሙላት «የክር አብዮት» የሚል ስም አወጣች፤ ክርን ከታላላቆቹ ፈጠራዎች ተርታ አሰለፈችው። በእኔ ግምት አላጋነነችም። ክር ከሌለ መረብ የለም፣ ወጥመድ የለም፣ ሸክም ማሰሪያ የለም፣ ልብስም የለም።

አንዳንዴ ደግሞ ዕድል ይቀናል። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ አብሪ ዱ ማራስ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። እዚያ ከተገኘ አንድ የድንጋይ መሣሪያ ላይ 6 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያላት የገመድ ቁራጭ ተጣብቃ ተገኘች። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ዕድሜዋ ከ41 ሺህ እስከ 52 ሺህ ዓመት ይገመታል። የሠሯት ኒያንደርታሎች ናቸው። ከዛፍ የውስጠኛ ልጥ ሦስት ዘለላ ጭረት ወስደው እያንዳንዱን ወደ አንድ አቅጣጫ አከረሩት፤ ከዚያ ሦስቱን በአንድ ላይ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ገመዱት።

«ወደ ተቃራኒው» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምሕንድስናው ያለው እዚያ ስለሆነ። የጥጥ ጭረት ርዝመቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ታዲያ ከአጫጭር ጭረቶች ረጅም ክር እንዴት ይወጣል? ሙጫ የለውም፣ ቋጠሮ የለውም። የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው። ጭረቶቹ ሲከሩ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ክሩን በሳብከው ቁጥር ይበልጥ ይጠባበቃሉ። ችግሩ፣ የከረረ ነገር ተመልሶ መፈታት ይፈልጋል። ሁለቱን ወይም ሦስቱን አንድ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ስትገምድ ግን የአንዱ የመፈታት ፍላጎት የሌላኛውን ይይዘዋል። ሁለት ስህተቶች ተቃቅፈው አንድ የሚሠራ ሲስተም ይሆናሉ። ኮድ እንደዚህ ቢሆን እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ደግ ነው፣ ግን ዝም ብሎ ያበረ ድር አንበሳ አያስርም፣ ይበጣጠሳል። መከረርና መገመድ አለበት። አማርኛው ራሱ ያውቀዋል፦ ገመድ የመጣው «ገመደ» ከሚለው ግስ ነው፤ ስሙ ዕቃውን ሳይሆን አሠራሩን ነው የሚናገረው።

ሥራውን የሚሠራው ማን ነበር ስንል ግን ነገሩ ይከብዳል። በእኛ አገር ልማድ ሸማኔው ወንድ ነው፣ ስሙም ሙያውም ይጠራል። ፈትሉን በእንዝርት ስታሾር የምትውለው ሴት ናት፤ ያንን ማንም ሙያ ብሎ አይቆጥረውም፣ «ቤት ውላ ነው» ይባላል። አንድ ጋቢ ከመሸመኑ በፊት ስንት ቀን ተፈትሏል ብሎ የሚጠይቅ ስንቱ ነው?

ደቡብ ስትወርዱ እንሰት ጋር ይሄው ታሪክ ይደገማል። ቆጮ ለማዘጋጀት ሴቶች የእንሰቱን ግንድ ሽፋን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አድርገው በቀርከሃ ይፍቁታል። የሚበላው ወደ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል፤ ጣውላው ላይ የሚቀረው ረጅም ነጭ ጭረት ቃጫ ነው። ገመድ፣ ከረጢት፣ ምንጣፍ ይሆናል። ከምግብ የተረፈ እንጂ ለራሱ ተብሎ የተመረተ ስላልሆነ ብዙም አይወራለትም። የእንሰት የሥጋ ዘመድ የሆነው የፊሊፒንሱ አባካ ግን «የማኒላ ገመድ» ተብሎ የዓለምን መርከቦች አስሯል።

ቃጫ ስንል ሲሳልንም ጭምር ነው። ሲሳል ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ ዩካታን ካለ ወደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ሂንዶርፍ የሚባል ጀርመናዊ ከፍሎሪዳ 1,000 ችግኝ ወደ ዛሬዋ ታንዛኒያ አስጫነ፤ በሕይወት የደረሱት 62 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ 62 ተነስታ ታንጋኒካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሲሳል ምርት የዓለም ቀዳሚ ሆነች። ያ ሁሉ ሄክታር ቃጫ በአብዛኛው ሌላ አገር የእህል ነዶና ካርቶን ማሰሪያ ነበር የሚሆነው።

ከዚያ ፕላስቲክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጁልዮ ናታ የሚባል ኬሚስት ፖሊፕሮፒሊንን ሠራ፤ በዚህ ዘርፍ ሥራው በ1963 ከካርል ዚግለር ጋር ኖቤል ተጋራ። ዛሬ «ማዳበሪያ» የምንለው ነጭ ጆንያ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ናታ ጣሊያናዊ ነው። ስሙን ጣሊያን ሰጠችው፣ ሥራውን ጣሊያናዊ ቀማው፤ ሲባጎ ከዚህ በላይ ምን ይሁን? አሁን ቤት ውስጥ አንድ ነገር ማሰር ሲያስፈልግ ሱቅ የሚሄድ ብዙ አይደለም፤ ከማዳበሪያው ጫፍ ላይ አንዷን ክር መዝዞ ማሰር ነው። እናቴ የኬክ ካርቶን ሲባጎ አትጥልም ነበር፣ መሳቢያ ውስጥ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች። የማዳበሪያ ክር ግን ማን ያስቀምጣል።

በሌላ በኩል ሲባጎ እንደ ጌጥ ተመልሶ እየመጣ ነው። ካፌዎች አምፖላቸውን በቃጫ ገመድ ይጠቀልላሉ፣ ቲክቶክ ላይ ባዶ የማር ብልቃጥ በሲባጎ ተጠምጥሞ የአበባ ማስቀመጫ ሲሆን ታያላችሁ፣ ስጦታ በቡናማ ወረቀትና በሲባጎ መጠቅለል «ክላሲ» ሆኗል። እኔ አልቃወምም፣ ያምራል። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ተቃራኒው ነው፦ ስንደዶና አክርማ በመቅጠፍ ፋንታ ከማዳበሪያ በተመዘዘ ክር ሞሰብና ሰፌድ የሚሰፉ ሴቶች አሉ። ቀለሙ ይጮኻል፣ ጥለቱ ግን የድሮው ነው። ይሄንን «ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ የሚያጣጥል ሰው አክርማ ፍለጋ ሜዳ ለሜዳ ዞሮ አያውቅም።

ምድጃ ላይ ግን ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። የተሞላ ዶሮ ወይም ጥቅልል ሥጋ አስራችሁ ኦቨን የምታስገቡ ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ኦቨኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ 180 ነው። ለዚህ የሚሆነው ቀለም ያልተነከረ የጥጥ ፈትል ነው። የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ጫፉን ቆርጣችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል። ፕላስቲክ ተኮማትሮ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል፤ ስትነኩት ተጠንቀቁ፣ ያቃጥላል።